አባቴ ሱቅ ያስገባሁት መብራት

አባቴ ብረት የሚሠሩት በጨለማ ነበር። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ ማታ ይመስለዋል። ማታ አይደለም። ከረፋዱ አራት ሰዓት፣ መርካቶ ከላይ እስከ ታች በፀሐይ እየነደደች፣ ምናለሽ ተራ ውስጥ አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ጨለማ ነበረች። መስኮቷ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸፍኗል፤ የቆርቆሮው ቀዳዳ ሁሉ በጨርቅ ተወትፏል፤ ግድግዳው በጥላሸት ከመጥቆሩ የተነሳ የተሰቀለ ዕቃ መኖሩ የሚታወቀው ራስ ሲመታ ነው። ደንበኛ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ ቶሎ ገብቶ፣ ቶሎ እንዲዘጋ ይነገረዋል። ካልሰማ ይሰደባል። አባቴ ከወሎ ይዘው የመጡት ሁለት ነገር ነው፤ ሙያቸውንና ስድባቸውን። ሁለቱም አልዛጉም ነበር።

የሚሠሩት መሮ ነው፤ የድንጋይ ጠራቢ መሮ። ከተሰበረ የጭነት መኪና ባሌስትራ ይቆረጣል፣ በእሳት ይቀጠቀጣል፣ ጫፉ ይሾላል። እስከዚህ ድረስ ማንም ቀጥቃጭ ይሠራዋል። ሙያው ከዚህ በኋላ ነው። አባቴ የመሮውን ጫፍ ከሰሉ ውስጥ ቀብረው ወናፉን እየነፉ ቀለሙን ይጠብቃሉ። በጨለማው ውስጥ ብረቱ መጀመሪያ የረጋ ደም ይመስላል፣ ቀጥሎ የበሰለ በርበሬ ይመስላል፣ ቀጥሎ ብርቱካን ይሆናል። በርበሬው ላይ ከእሳት ወጥቶ ውሃ ውስጥ መግባት አለበት። ብርቱካን ከደረሰ አለቀለት።

ውሃ ውስጥ የገባው ጫፍ ይጠነክራል፤ ግን ብርጭቆም ይሆናል፣ አንድ ጊዜ ቢመቱት ይረግፋል። ስለዚህ አባቴ ጫፉን በድንጋይ ፈግፍገው ያነጡትና በሩን በእግራቸው ገፍተው ደጅ ይወጣሉ። ደጅ ላይ፣ በመሮው ወገብ የቀረው ሙቀት ወደ ጫፉ ሲሄድ በነጣው ብረት ላይ ቀለም ይሳባል፤ መጀመሪያ ገለባ፣ ቀጥሎ ማር። ማሩ መጥቆር ሲጀምር እንደገና ውሃ ውስጥ ይገባል። ይህኛው ቀለም የሚታየው በፀሐይ ነው፤ የፊተኛው የሚታየው በጨለማ ነው። አባቴም ቀኑን ሙሉ ሲገቡና ሲወጡ ይውላሉ። በመጨረሻ መሮው ትከሻ ላይ ሦስት ነጥብ ይመታሉ። ድንጋይ ጠራቢዎች ስማቸውን አያውቁም ነበር፤ «የባለ ሦስት ነጥቡን ስጡን» ብለው ነው የሚጠይቁት።

እኔ የዚህ ሰው ልጅ ነኝ፤ ኬሚስትሪም ተምሬያለሁ። ሁለቱን አንድ ላይ መናገር በዚያን ጊዜ ቀላል አልነበረም። ቀጥቃጭ ቡዳ ነው ይባላል። አብዮቱ መጥቶ ቃሉን ከለከለ፤ ከዚያ ወዲህ ጎረቤቶቻችን ምንም ሳይናገሩ ምግባቸውን ይከድኑ ጀመር። ዩኒቨርሲቲ ስገባ አባቴ ለተራው ሰው ሁሉ ከረሜላ አከፋፈሉ። ከረሜላ የመረጡት በወረቀት የተጠቀለለ ስለሆነ ነው፤ የኛ ዓይን አላረፈበትም ብለው እንዲበሉላቸው።

ዩኒቨርሲቲ ያስተማረን አንድ ከምሥራቅ ጀርመን የመጣ ሰው ነበር። ጠጣር ነገር ሁሉ መሆን የሚገባውን ሆኖ የተቀመጠ አይምሰላችሁ ይለን ነበር። ምሳሌው ብረት ነው። ብረት ሲግል አተሞቹ በውስጡ ላለው ካርቦን ቦታ በሚሰጥ ድርድር፣ እንደ ሰልፍ ተደርድረው ይቆማሉ። ቀስ ብሎ ከበረደ ካርቦኑ ይወጣል፣ ድርድሩ ይለወጣል፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይይዛል፤ ብረቱም ለስላሳ ይሆናል። ድንገት ውሃ ውስጥ ከገባ ግን ካርቦኑ መውጫ ያጣል። ድርድሩ ሊለወጥ ሲል ካርቦኑን እንደያዘ ይጣመማል፣ በዚያው ይቀራል። ጥንካሬው ከዚያ መጣመም ነው። ይህ ክሪስታል ብረቱ ጊዜ አጥቶ የቀረበት ነው እንጂ ማረፊያው አይደለም። ሙቀት ቢያገኝ ጥሎት ይሄዳል፤ ካላገኘ ግን የሰው ዕድሜ ሙሉ እንዳለ ይቆያል። ኬሚስቶች ሜታስቴብል ይሉታል።

ይህን በተማርኩ ቀን ሮጬ ሄጄ ለአባቴ ነገርኳቸው። ሠላሳ ዓመት ሲሠሩት የኖሩት ነገር ስም እንዳለው ሲሰሙ ይደነቃሉ ብዬ ነበር። ምሳቸውን እየበሉ ሰሙኝ።

«እንደ መርካቶ ሰው ነው በይኛ» አሉ። «ሁሉም ለመስከረም አገሬ እገባለሁ ይላል። ሲገባ ያየሁት የለም።»

እሳቸውም በየዓመቱ ወሎ እገባለሁ ይሉ ነበር።

ስመረቅ መንግሥት መደበኝ። እንደ ጓደኞቼ ፋብሪካ እጠብቅ ነበር፤ የደረሰኝ ግን የተራው ቀጥቃጮች ተደራጅተው የገቡበት የእጅ ባለሙያዎች ማህበር ነው። የቴክኒክ ኃላፊ ተባልኩ። አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ተሰጠኝ፤ አንዱ ወንበር ለእንግዳ ነው። ማህበሩ ውስጥ አባቴን ጨምሮ ሠላሳ ያህል ቀጥቃጭ ነበር፤ የኔ ሥራ የሁሉንም ምርት ማሳደግ ነው። ከየት እንደምጀምር አላወቅሁም፤ ስለዚህ ከማውቀው ሱቅ ጀመርኩ።

«አባባ፣ በቀን ስንት ጊዜ ደጅ ይወጣሉ?»

«ሽንቴን ጨምሮ?»

«ለቀለሙ።»

«እኔ እንጃ፤ ቀለሙ ሲጠራኝ ነው።»

በሩ ላይ ተቀምጬ ቆጠርኩ። አርባ አንድ ጊዜ ወጡ። በየአንዳንዱ ጉዞ የሚባክነውን ጊዜ አሰላሁ፣ በወር አባዛሁ፣ ቁጥሩ እኔን ራሴን አስደነገጠኝ። ሱቁ ውስጥ ብርሃን ቢኖር ሁለቱንም ቀለም ካሉበት ሳይነሱ ያዩ ነበር። ይህ ግልጽ ነበር። እንዲያውም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለምን ማንም እንዳላሰበው ገረመኝ። «የሥራ ቦታ ማሻሻያ» የሚል ጥናት ጻፍኩና ለማህበሩ ሊቀመንበር ሰጠሁት።

ሊቀመንበሩ ቀድሞ ጠርሙስ ይነግድ የነበረ፣ ሲናገር አንድ እጁን ኪሱ ከቶ የሚናገር ሰው ነው። ጥናቱን በጣም ወደደው። በሳምንቱ ሱቁ ተለወጠ። ከረጢቱ ተገፍፎ መስኮቱ በመስታወት ተተካ፣ ሌላ አዲስ መስኮት ተከፈተ፣ ግድግዳው ኖራ ተቀባ፣ ከጣሪያው ሁለት ረጃጅም ዘንግ መብራቶች ተሰቀሉ። አባቴ መሐል ቆመው ኖራው ኮታቸውን እንዳይነካው እጃቸውን ሰብስበው ይመለከቱ ነበር።

«ደስ አላለዎትም?» አልኳቸው።

«የተማረ ይግደለኝ» አሉ።

የምርቃቱ ዕለት በሩ ላይ «ከጨለማ ወደ ብርሃን» የሚል ጨርቅ ተሰቀለ። ሱቁ ሞዴል ነው ተባለ፤ ከሌላ ማህበር እየመጡ የሚጎበኙት። ስለዚህ ሊቀመንበሩ «በሥራ ሰዓት መብራት ማጥፋት ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ አስለጠፈ። አባቴ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተማሩትን ፊደል ተጠቅመው ጮክ ብለው አነበቡት፤ ረጅም ጊዜ ወሰደ፣ ሁሉም ጠበቃቸው። ከዚያ ተራውን በሙሉ፣ ምግብ የሚከድኑትንም ጭምር፣ እየጠሩ «ልጄ ናት ያበራችልኝ» አሉ። ከበሩ እስከ መንገዱ ድረስ እየሄዱ ነው ያሉት። ሰውም እየገባ ጣሪያውን ያይ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የኮራሁበት ጊዜ የለም።

ከወር በኋላ አንድ ድንጋይ ጠራቢ መጣ። ጉንጩ ላይ ጥጥ ተለጥፏል። ሱቁ ውስጥ ገብቶ፣ ጨርቅ ፈትቶ፣ ጫፉ የረገፈ መሮ አወጣና አባቴ ጉልበት ላይ አስቀመጠው።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ነው» አለ። «ድንጋዩን አንዴ ብመታው ፍንጣሪው እዚህ ገባ። ትንሽ ከፍ ቢል ዓይኔ ነበር።»

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር። አባቴ መሮውን አገላብጠው ሦስቱን ነጥብ በአውራ ጣታቸው ዳበሱና «የኔ ነው» አሉ። ሰውየው ከሄደ በኋላ አዲስ መሮ ጀመሩ።

በዚያ ሳምንት ሌላ ሁለት ሰው መጣ። ሊቀመንበሩ ጠራኝና በእንግዳው ወንበር አስቀመጠኝ፤ የራሴ ቢሮ ውስጥ ነው። አባቴን እንደሚያከብር ነገረኝ። ነገር ግን ሦስት አቤቱታ የመጣበት ባለሙያ በማህበሩ ስብሰባ ቀርቦ ግለ ሂስ ያደርጋል፣ ጥፋቱ የእጅ ከሆነ እሳቱ ለሌላ ይሰጣል፣ ምልክቱም ከዚያ ወዲያ አይመታም አለኝ። ለአባትሽ የጥበቃ ሥራ እናስባለን አለ። ጥበቃ ማለት ማህበሩ በር ላይ ዱላ ይዞ መቀመጥ ነው። አባቴ ዱላ ይዘው ሲቀመጡ ለማሰብ ሞከርኩና አቃተኝ፤ እጃቸው ሥራ ሲፈታ እሳቸው ምን እንደሚሆኑ አላውቅም ነበር። ፈራሁ። ስብሰባው በአሥራ አምስተኛው ቀን ነው ተባለ።

ከተመለሱትና መጋዘን ከነበሩት መሮዎች ዘጠኙን ይዤ ዩኒቨርሲቲ ሄድኩ። ጀርመኑ መምህሬ ላብራቶሪውን ፈቀደልኝ። ጫፋቸውን ቆርጬ፣ በብርጭቆ ወረቀት መስታወት እስኪመስሉ ፈግፍጌ፣ አሲድ አስነክቼ፣ በማይክሮስኮፕ አየሁ። ውሃ ውስጥ ድንገት የገባ ብረት ክሪስታሉ የተበተነ መርፌ ይመስላል። በሦስቱ መሮዎች ውስጥ መርፌው የደቀቀ ነበር፤ እንደሚፈለገው። በስድስቱ ውስጥ ግን ወፍራምና ረጃጅም ነው፤ አንዱ መርፌ ሌላውን በገጨበት ቦታ ቀጭን ስንጥቅ ይታያል። ይህ የሚሆነው ብረቱ ከመነከሩ በፊት ከልክ በላይ ሲግል ነው። አባቴ ስድስቱን በርበሬው አልፎ፣ ብርቱካን ላይ ነበር ያወጧቸው።

ይህን ማመን ከበደኝ። የመጀመሪያ ሐሳቤ ዓይናቸው ነው። በማግስቱ ጠዋት ምንም ሳልነግራቸው መርፌና ክር ይዤ ሄድኩ።

«እስቲ ያስገቡልኝ» አልኳቸው።

በአንድ ጊዜ አስገቡት። መልሰው ሰጡኝና «ሌላስ የሚሰፋ አለሽ?» አሉ።

ዓይን አልነበረም። ሦስቱን ደህናዎች አውጥቼ ፊታቸው ደረደርኩና መቼ እንደሠሯቸው ጠየቅኋቸው። ሳያነሱ አወቋቸው።

«በረዶ የጣለ ዕለት ነው። መብራት ሄዶ፣ ሰማዩ ጠቁሮ የነበረ ጊዜ።»

ቀና ብዬ ጣሪያውን አየሁ። ከዚያ ግድግዳውን አየሁ። ኖራው ገና ነጭ ነበር። ወናፉ እየተነፋ እሳቱ ውስጥ አንድ መሮ ነበር፤ በዚያ ሁሉ ብርሃን መሐል የረጋ ደም ይመስላል። አባቴ በርበሬ እስኪመስል እየጠበቁ ነበር። እኔ ማስታወሻ ደብተሬን አነሳሁና የእሳቱን ፊት ከመብራቱ ከለልኩት። በደብተሬ ጥላ ውስጥ ብረቱ ብርቱካን ነበር።

አራት ዓመት ተምሬ፣ ብረት ሲግል ስንት ዲግሪ ላይ ምን እንደሚሆን በቃሌ እያወቅሁ፣ ጨለማው የአባቴ ቴርሞሜትር መሆኑን አላወቅሁም። ሰብሬ የጣልኩት እኔ ነኝ። በእጄ፣ በጥናት፣ ተጨብጭቦልኝ።

«አባባ፣ መብራቱ ነው» አልኩ።

«እ።»

«ብርሃኑ ቀለሙን እየበላብዎት ነው። ብረቱ ከሚታይዎ በላይ ግሏል።»

«አውቃለሁ።»

«ምኑን ነው የሚያውቁት?»

«ይሄንኑ ነዋ።»

«መቼ አወቁ?»

«በመጀመሪያው ቀን። ከምሳ በፊት።»

መሮውን አውጥተው አዩት፣ የማይረባ መሆኑን አወቁ፣ ወደ ጥጉ ጣሉት። ጥጉ ላይ ብዙ ነበር። ሠርተው የሚጥሉት ከሚያስረክቡት እንደሚበልጥ ያን ጊዜ ነው ያየሁት።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ያን ዕለት ጠዋት ተራውን በሙሉ ጠርቼ ልጄ ናት ያበራችልኝ ብያለሁ» አሉ። «ከሰዓት በኋላ ወጥቼ ልጄ አላወቀችም ልበል? ለነዚህ ሰዎች?» ከሰሉን ቆሰቆሱ። «ዓይኔ ይለምደዋል ብዬ ነው። ወላሂ እየለመደ ነበር፤ ትንሽ ቀን ቢሰጡኝ።»

ስብሰባው ላይ ተነስቼ እናገራለሁ አልኳቸው። መዶሻቸውን አስቀመጡ። አባቴ መዶሻ የሚያስቀምጡት ለሶላትና ለምሳ ብቻ ነበር።

«ምን ብለሽ? ማህበሩ መርቆ ያስገባው መብራት ሠራተኛ አቆሰለ ብለሽ? የመከረችውም እኔ ነኝ ብለሽ? የዚህን ስም አታውቂም?»

አውቃለሁ። አሻጥር ይባላል። በታችኛው ተራ አንድ ቆዳ አልፊ በተበላሸ ቆዳ ምክንያት ይህ ቃል ተለጥፎበት ሄዶ፣ ሚስቱ አሁንም ስንቅ ይዛ በየእስር ቤቱ በር ትዞር ነበር።

«እኔ እጄ አረጀ እላለሁ» አሉ አባቴ። «ያረጀ እጅ ወንጀል የለበትም። አንቺ ገና ነሽ። አፍሽን ያዢ።»

ሪፖርቱን ግን ጻፍኩት። አራት ገጽ ነው። የመርፌዎቹን ሥዕል በእጄ ስዬ አስገባሁበት፤ የሙቀቱን፣ የብርሃኑን፣ የኖራውን ነገር አንድ በአንድ አስቀመጥኩ፤ በመጨረሻው ገጽ ላይ ጥፋቱ የቴክኒክ ኃላፊዋ ነው፣ ባለሙያው ነጻ ነው ብዬ ፈረምኩ። ከጻፍኳቸው ነገሮች ሁሉ የተሻለው እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጽፌያለሁ፣ ማስተማርም አስተምሬያለሁ፤ አሁንም እንደዚያ ነው የምለው።

ስብሰባው እሑድ ጠዋት በቀበሌው አዳራሽ ነበር። ሪፖርቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ ቦርሳዬ ጉልበቴ ላይ ነው፤ ሁለት እጄ ቦርሳዬ ላይ ነው። አባቴ የዒድ ኮታቸውን ለብሰው ነበር። ጉንጩ የቆሰለው ድንጋይ ጠራቢም ተጠርቶ ፊተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጧል፤ ጥጡ ወልቆ ጠባሳው ይታያል። ከአጀንዳው በፊት ስለ ምርት ዘመቻው አንድ ሰዓት ተወራ። ከዚያ አባቴ ተጠሩ።

ቆሙ። ሰው ፊት ተናግረው አያውቁም፤ ሲሳደቡ ካልሆነ በቀር።

«እጄ አርጅቷል» አሉ። «ዓይኔም ደክሟል። ማህበሩ መብራት ሰጥቶኝ ነበር፤ መብራቱ ጥሩ ነው። እኔ ነኝ ያልቻልኩት።» ከዚያ ወደ ድንጋይ ጠራቢው ዞሩና «ልጄ፣ አውፍ በለኝ» ብለው ይቅርታ ጠየቁት። ሰውየው አጎንብሶ ጫማውን ያይ ጀመር።

ሊቀመንበሩ አንድ እጁን ኪሱ ከቶ ወደ እኔ ዞረ። ይህን አልጠበቅሁም ነበር። እኔ የጠበቅሁት ራሴ ድፍረት አግኝቼ እጄን አውጥቼ እንድነሳ ነው፤ እሱ ግን ሥርዓቱን ጠብቆ፣ በሹመቴ ጠርቶ፣ አዳራሹ ሙሉ እየሰማ ጠየቀኝ።

«ጓድ የቴክኒክ ኃላፊ፣ በጉዳዩ ላይ ቴክኒካዊ አስተያየት አለሽ?»

ተነሳሁ። ቦርሳዬን ይዤ ነው የተነሳሁት። አባቴ አያዩኝም ነበር፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ምስሎች ነበር የሚያዩት።

«የለኝም» አልኩና ተቀመጥኩ።

ጸሐፊው ጻፈው። ውሳኔው ተነበበ፤ እሳቱ ለሌላ ባለሙያ ይሰጣል፣ ምልክቱ ይቀራል፣ ጓዱ ከሰኞ ጀምሮ ጥበቃ ይሆናሉ። ግለ ሂስ ላደረገ ሰው ይጨበጨባል፤ ደንብ ነው። አዳራሹ አጨበጨበ። ድንጋይ ጠራቢው አላጨበጨበም፤ እሱ ብቻ ነው ያላጨበጨበው። እኔ አጨበጨብኩ። አጠገቤ ከተቀመጡት ያልበለጠ ያላነሰ፣ እነሱ ሲያቆሙ የቆመ ጭብጨባ ነበር። በዚያ መሐል አባቴ ዞረው ከሰው ሁሉ መካከል ፈለጉኝ። ሲያገኙኝ፣ ከረሜላ ያከፋፈሉ ዕለት የነበራቸውን ፊት ይዘው፣ ጎበዝ እንደማለት አንገታቸውን ነቀነቁልኝ። ቢሰድቡኝ ኖሮ እችለው ነበር።